አንድ ግጥሚያ ብቻ

«ከጨዋታ ሁሉ የምትወደው የትኛውን ነው?» ተብዬ ብጠየቅ፥ መልሱን ለማግኘት ብዙ አላስብም። የምወደው የቪዲዮ ጨዋታን፥ ይኸውም እኛ በተለምዶ «ጌም» የምንለውን ነው። ይህን ስናገር አንዳንድ መምህራኖቼ ቅር እንደሚላቸው፥ አንዳንድ ጓደኞቼም እንደሚስቁ አውቃለሁ። ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ንጽሕናና ስለ አገር ፍቅር ብዙዎች ስለሚጽፉ፥ እኔ ደግሞ በየጊዜው ስለማደርገውና በሚገባ ስለማውቀው ነገር ብጽፍ አንባቢው አይቀየመኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ጌምን ለማመስገንም ሆነ ለመኰነን አልተነሣሁም። አንድ ቅዳሜ ያደረግሁትን፥ ከዚያም የተነሣ ያሰብሁትን እንዳለ ለመናገር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የምንጫወትበትን ቦታ ልግለጽ። ከተማችን ፀዳ ከጐንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከአዘዞ ወዲህ የምትገኝ ናት። መንገደኛ በመኪና ሲያልፍ ሱቆቹን፥ ባጃጆቹንና በግራ በቀኝ የሚሄደውን ሰው ከመስኮቱ አይቶ ያልፋል። ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብላ የተሠራችውን የቆርቆሮ ክፍል ግን አያያትም። በበሩዋ ላይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ የገባ ሰው ሁለት ቴሌቪዥን፥ ሁለት ፕሌይስቴሽን፥ አራት ጆይስቲክና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ያገኛል። ሕጉ አጭር ነው፤ የአንድ ግጥሚያ ዋጋ ዐሥር ብር ሲሆን፥ የተሸነፈው ከፍሎ ይነሣል፥ ያሸነፈው ተቀምጦ ሌላ ሰው ይጠብቃል። ተጫዋቾቹ አራት ቢሆኑ ተመልካቾቹ ዐሥራ አምስት ናቸው። ከተጫዋቹ ይልቅ የሚጮኸው፥ «አቀብል! ምታ!» እያለ የሚያዘው፥ ኪሱ ውስጥ አንድም ብር የሌለው ተመልካች ነው። እኔም ለብዙ ጊዜ ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ።

ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ ፕሌይስቴሽን 2 ነው። ይህ መሣሪያ በ2000 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀርቦ በ2013 እ.ኤ.አ. መመረቱ የቆመ ስለ ሆነ፥ ፀዳ ውስጥ ያለው መሣሪያ ምናልባት በዕድሜ ታላቄ ሳይሆን አይቀርም። በውስጡ ያለው ዲስክም የድሮ ነው። ቲዬሪ ሄንሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ከተጫዋችነት ቢሰናበትም፥ በእኛ ዲስክ ላይ ግን ዛሬም በግራ መስመር ይሮጣል፥ አይደክምም፥ አያረጅምም። ትንንሾቹ ልጆች በእውነተኛ ሜዳ ሲጫወት አይተውት አያውቁም፤ ሆኖም ፍጥነቱን ከእኔ አስበልጠው ያውቃሉ።

ጌም ምንም ጥቅም የለውም ከሚሉት ሰዎች ጋር በበኩሌ አልስማማም። አንደኛ፥ ከጨዋታው ጋር የሚሰማውን የእንግሊዝኛ ዘገባ ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሣ ብዙ ቃላት ሳላጠና ገብተውኛል። ሁለተኛ፥ ቱሪን ኢጣልያ ውስጥ፥ ዶርትሙንድ ጀርመን ውስጥ መሆናቸውን ያወቅሁት ከካርታ አስቀድሞ ከጌም ቤት ነው። ሦስተኛ፥ በሰው ፊት ተሸንፎ፥ ከፍሎ፥ ሳይቆጡ መነሣትን ተምሬበታለሁ። አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት በከንቱ አይደለም። በገና ዕለት ባላገሩ ከጌታው ጋር እኩል ሆኖ ዱላውን ያነሣ እንደ ነበረ ሁሉ፥ በጌም ቤትም የባለ ሱቁ ልጅና የሊስትሮው ልጅ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እኩል ይጋጠማሉ።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ቅር ይለኝ ነበር። በዚያ ዲስክ ውስጥ የማድሪድም የማንችስተርም ቡድን ሲኖር፥ የእኛው ፋሲል ከነማ የለም። ዐፄዎቹ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሡ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ፤ በዚያ ሰሞን የተሰማው የመኪና ጥሩንባ እስካሁን በጆሮዬ አለ። ስለዚህ አንድ ቀን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን፥ ጨዋታው የቡድንና የተጫዋች ስም ለመለወጥ ስለሚፈቅድ፥ የአንዱን ቡድን ስም በላቲን ፊደል «ፋሲል» ብለን ጻፍን። የተጫዋቾቹንም ስም አንድ በአንድ መለወጥ ጀመርን። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ፤ ያላስቀመጥነውም ሁሉ ጠፋ። ተሳስቀን ወጣን። የዚያን ዕለት ከጌም ቤት የወጣሁት ማንንም ሳላሸንፍ ነበር፤ ቢሆንም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የወጣሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ጊዜው ባለፈው ዓመት፥ የጥር ወር ነበር። እናቴ የተለቀመውን ጤፍ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ፥ ሰማንያ ብር የወፍጮ ሒሳብ ሰጠችኝና «ቶሎ ተመለስ። ዛሬ ካላቦካሁት ለሳምንቱ እንጀራ የለንም፤ ሞሰቡ ባዶ ነው» አለችኝ። ሊጥ በአንድ ቀን እንደማይደርስ ማንም ሰው ያውቃል። «እሺ እማ» ብዬ ከረጢቱን ተሸክሜ ወጣሁ። ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ወፍጮ ቤቱ ከጌም ቤቱ አለፍ ብሎ ነው። በመጋረጃው አጠገብ ሳልፍ ከውስጥ ጩኸት ሰማሁ፤ አንድ የክፍሌ ልጅ በተከታታይ አምስት ሰው አሸንፎ እንደ ተቀመጠ ነገሩኝ። ትከሻዬም ደክሞት ነበርና ከረጢቱን በሩ ሥር አወረድሁት። በልቤም «አንድ ግጥሚያ ብቻ» አልሁ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቃል ልብ በልልኝ፤ እኔን የጣለኝ ከዚህ ሌላ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያውን ሁለት ለአንድ ተሸነፍሁ። ዐሥር ብር ከፈልሁና ተራዬን እንደገና ያዝሁ። ማሸነፍ የከፈልሁትን ገንዘብ እንደማይመልስልኝ በሚገባ አውቅ ነበር፤ ያሸነፈ ሰው አይከፍልም እንጂ ምንም አያገኝምና። ነገር ግን ገንዘቡ ባይመለስ ክብሬ ይመለሳል የሚል ሐሳብ አደረብኝ። አንዳንዱን አሸነፍሁ፥ አንዳንዱን ተሸነፍሁ፤ ተራ በጠበቅሁ ቁጥር ሰዓቱ ሄደ። በአንድ ጊዜ ወደ ኋላዬ ዞር ብል፥ አንድ ትንሽ ተመልካች አግዳሚው ስለ ሞላበት የእኛን ጤፍ እንደ በርጩማ ተቀምጦበት «አቀብል!» እያለ ይጮኻል። አየሁት፤ ነገር ግን ተነሥ አላልሁትም፤ እኔም አልተነሣሁም።

ስድስተኛውን ጊዜ ተሸንፌ ስድሳኛውን ብር እንደ ከፈልሁ መብራት ጠፋ። ከክፍሉ ወጥቼ ፀሐይዋን ሳይ ዐሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ከረጢቱን አንሥቼ እየሮጥሁ ወፍጮ ቤት ብደርስ፥ ወፍጮውም የሚሠራው በመብራት ስለ ሆነ ቆሟል። ቢሠራስ ኖሮ በቀረችኝ ሃያ ብር ምን አስፈጫለሁ? ማግሥቱ ደግሞ እሑድ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ አይከፈትም።

ወደ ቤት ስመለስ ልናገረው የሚገባኝን ውሸት በመንገድ ላይ አዘጋጀሁ፤ «ከጧት ጀምሮ መብራት አልነበረም» ልል ነበር። እናቴ ግን ደጃፍ ላይ ቆማ ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ከወፍጮ ቤት የሚመለስ ሰው ቅንድቡ በዱቄት ነጭ ይሆናል፤ ወረፋ ሲጠብቅ የዋለም ቢሆን ቢያንስ ጠጕሩ ላይ ብናኝ አያጣም። የእኔ ቅንድብ እንደ ጥቁርነቱ ነበር። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ከረጢቱን ከትከሻዬ እያወረደች፥

«ማን አሸነፈ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያን ማታ የባቄላ ንፍሮ በላን። ሰኞ ጧት ታናሽ እኅቴ ምሳዋን ሳትቋጥር፥ በኪስዋ ቆሎ ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። እናቴ ከጎረቤት እንጀራ ተበድራ እስክትመልስ ድረስ ሳምንቱ አለቀ። አንድም ሰው አልወቀሰኝም፤ የከበደኝም ይኸው ነው።

ያን ሰሞን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ስልኬ ከድንጋይ አልተለየብኝም። አያቴም መሰልቸቴን አይተው በወይራው ጥላ ሥር መሬቱን ቆፈር ቆፈር አደረጉና በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ አበጁ፤ በየጉድጓዱም አራት አራት ጠጠር ጨመሩ። «በል ና፥ ገበጣ ላሳይህ» አሉኝ። እንደየአገሩ የረድፉም የጉድጓዱም ቁጥር እንደሚለያይ፥ እርሳቸው የሚያውቁት ግን ይህንን እንደ ሆነ ነገሩኝ። ጠጠሩን ከአንዱ ጉድጓድ አንሥቶ በተራ መዝራት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የመጨረሻዪቱ ጠጠር የት እንደምታርፍ አስቀድሞ ያልቈጠረ ሰው ሁልጊዜ ይበላል። እኔም ተበላሁ።

«አባባ፥ አንድ ጊዜ ብቻ እንድገም» ስላቸው፥ ከተቀመጡበት እየተነሡ «ጠጠሩ አለቀ እኮ ልጄ። ጨዋታ ሲያልቅ ሰው ይነሣል፤ ከብቶቹስ ማን ያምጣቸው?» ብለውኝ ሄዱ። ያን ጊዜ የደከማቸው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን ንግግራቸው ገባኝ። የጥንቱ ጨዋታ ማለቂያው በውስጡ ነው። ገበጣ ጠጠሩ ሲያልቅ ያልቃል። ኩኩሉ የሚጫወቱ ሕፃናት ሲመሽ ወደየቤታቸው ይጠራሉ። መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ደግሞ ከሁሉ ያስደንቀኛል። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ገበጣና ስለ ሰንጠረዥ ያጠኑትን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የአገራችን ሰንጠረዥ ሲጀመር «ወረራ» የሚባል ጊዜ አለው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ እጃቸው እንደ ፈጠነ፥ በአንድ ጊዜ ወታደሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ልክ እንደ ጌም ነው ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን የመጀመሪያው ወታደር ሲበላ ወረራው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በተራና በማስተዋል ይሆናል። ንጉሡም ሲያዝ ጨዋታው ያልቃል። አባቶቻችን ጥድፊያን አልከለከሉም፤ ወሰን አበጁለት እንጂ።

የዛሬው ጨዋታ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲያልቅ ሆኖ አልተሠራም። አሌክሴይ ፓዢትኖቭ የሚባለው ሰው በ1984 እ.ኤ.አ. በሞስኮ የሠራው ቴትሪስ፥ ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች ማሰናዳት ነው፤ ተጫዋቹ እስኪሸነፍ ድረስ ቅርጾቹ መውረዳቸውን አያቆሙም። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. አንድ የዐሥራ ሦስት ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የኒንቴንዶውን ቴትሪስ 38 ደቂቃ ያህል ተጫውቶ 157ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ፥ ጨዋታው ራሱ መቀጠል አቅቶት ደርቆ ቆመ። ይህ ዐይነቱ ቴትሪስ ከወጣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ድረስ የደረሰ ሰው አልነበረም። የዓለም ሰው በድሉ ተደነቀ። እኔ ግን ወሬውን ስሰማ ሌላ ነገር አሰብሁ፤ ለካስ ያ ጨዋታ ማለቂያውን እስኪያሳይ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስጠብቋል! ከእኛ መካከል ያን ያህል የሚጠብቅ ማን ነው?

አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራውን «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ ሳይ በመጀመሪያ ልቤ በኩራት ተሞልቶ ነበር። ፋሲልን በዲስክ ውስጥ ፈልጌ አጥቼ ሳለሁ፥ እነሆ የአገሬ ዶሮ ከገበሬው አምልጣ በስልክ ላይ ትሮጣለች። ይኸው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። እንዲህ ያለውን የሚሠሩ ወገኖቻችንን አከብራለሁ፤ ብችልም አንድ ቀን እንደ እነርሱ ለመሥራት እመኛለሁ። ነገር ግን ያቺ ዶሮ የምትደርስበት ቤት የላትም፤ እስክትያዝ ድረስ መሮጥ ብቻ ነው። እንግዲህ ማለቂያው በጨዋታው ውስጥ ከሌለ በተጫዋቹ ውስጥ መኖር አለበት ማለት ነው። አያቴ «ጨዋታ ሲያልቅ ሰው ይነሣል» ያሉት ለእርሳቸው ዘመን በቂ ነበር፤ ለእኛ ዘመን ግን ሰው ሲነሣ ነው ጨዋታው የሚያልቀው።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውና ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሱስን መዝግቦታል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ጨዋታውን መቈጣጠር አለመቻል፥ ከሌላ ጉዳይ ሁሉ ማስቀደም፥ ጉዳት እያዩም መቀጠል። ሕመም የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁኔታ ለዐሥራ ሁለት ወር ያህል ሲቈይ ነው እንጂ የተጫወተ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። እኔም አንድ ቅዳሜ በመሳሳቴ ታመምሁ አልልም። ነገር ግን ሦስቱን ምልክቶች በዚያች ቀን በትንሹ አይቻቸዋለሁ፤ ሦስተኛውማ በጤፋችን ላይ ተቀምጦ ይጮኽ ነበር።

በማግሥቱ ለእናቴ ሁሉን ነገርኋት። ስድሳውን ብር ደግሞ በሁለት ቅዳሜ ሽንኩርት ከመኪና በማውረድ ሠርቼ መለስሁላት። እርስዋም ቈጥራ ተቀበለችኝ፤ «ይቅር» ብላ ባለመመለስዋ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጌም ቤት ስሄድ ሃያ ብር ብቻ ይዤ እሄዳለሁ፤ ለመልእክት በተላክሁበት ቀን ግን በዚያ መንገድ አላልፍም፥ ዞሬ እሄዳለሁ። ሁልጊዜ ይሳካልኛል ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንዳንድ ማታ በስልኬ ላይ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብዬ ጀምሬ እኩለ ሌሊት ያለፈበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ቀድሞ ቃሉን አምነው ነበር፤ አሁን ግን ከአፌ ሲወጣ እጠረጥረዋለሁ።

ይህን የምጽፈው እኔም ሆንሁ የክፍል ጓደኞቼ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በመሆናችን ነው። የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከተሰጠ በኋላ፥ በመላ አገሪቱ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ሆኑ። ይህ ሁሉ በጌም ምክንያት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፥ እኛም በአካባቢያችን ያለፍንበትን እናውቃለን። ሆኖም መጽሐፍ የጐደለበት፥ ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ የቀረችውን ሰዓት ሊጠብቃት ይገባል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ጌምን ጣሉ አልላችሁም፤ እኔም አልጣልሁትም። ከመቀመጣችሁ በፊት ግን የምትነሡበትን ሰዓት ወስኑ፤ በር ላይ ምን አስቀምጣችሁ እንደ ገባችሁም አስታውሱ።

ባለፈው ወር እናቴ እንደገና ጤፍ አሸክማ ላከችኝ። በዞርሁበት መንገድ ላይ ሆኜ እንኳ ከሩቅ የልጆቹ ጩኸት ይሰማኝ ነበር፤ አንዱ ሳይገባለት አልቀረም። ወረፋዬን ጠብቄ፥ አስፈጭቼ፥ ትኩሱን ዱቄት ተሸክሜ ተመለስሁ። እናቴ እንደ ልማድዋ ደጃፍ ላይ ቆማ ቅንድቤን አየችው። ያን ዕለት ማን እንዳሸነፈ አልጠየቀችኝም፤ ቡሖ ዕቃውን ልታጥብ ወደ ውስጥ ገባች።